በባለጅራፉ ሽፋን ላይ የቀረው ስሜ

ከዚያ እሑድ በፊት ስለ ፊልም ተጠይቄ «አላየሁትም» ብዬ የመለስኩበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ፍኖተ ሰላም ውስጥ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ከተማው ግን በእንግሊዝኛዬ አያውቀኝም፤ የሚያውቀኝ በፊልም ነው። በስልክ የሚነበብ አንድ ቻናል አለኝ፤ የወጣውን ፊልም ሁሉ እዚያ ላይ ሳበጥር ነው የኖርኩት። ፍላሽ የሚጭኑት ልጆች ደንበኛ «የትኛው ይሻላል?» ሲላቸው «መምህር ምን አሉ?» ብለው ስልካቸውን ያወጣሉ። ሻይ ቤት ስገባ ወንበር ይለቀቅልኝ ነበር። ይህን የማወራችሁ ልመጻደቅ ብዬ አይደለም፤ ያን ጊዜ ምን ዓይነት ሰው እንደነበርኩ ካልነገርኳችሁ የኋላው ነገር አይገባችሁም።

የሱፐርሂሮ ፊልም የሚባለው ነገር ያቅለሸልሸኛል። ያን ጊዜም ያቅለሸልሸኝ ነበር፣ ዛሬም ያው ነው። ሰውዬው ጠባብ ልብስ ለብሶ ይበራል፣ ፎቅ በቡጢ ይደረምሳል፣ እጁ ግን እንኳን ሊሰበር አያብጥም። ከተማ ይፈርሳል፤ አቧራው ሳይሰክን ቀልድ ይጀምራሉ። የሞተው በሚቀጥለው ክፍል ይነሣል። አንድም ሰው ለሠራው ሥራ ምንም አይከፍልም። ዲስኩን ገዝታችሁ ቤት ስትገቡ ደግሞ ከፊልሙ ይልቅ ካርቶኑ ላይ ያለው ሥዕል ይሻላል። ይህንኑ በየሳምንቱ እየደጋገምኩ ስጽፍ ዓመታት አለፉ።

ስለዚህ የውባለም መጽሐፍ እጄ ሲገባ ደነገጥኩ። ውባለም ተማሪዬ ነበረች፤ አሁን ቡሬ አንደኛ ደረጃ ታስተምራለች። «ባለጅራፉ» ብላ በሥዕል የተረከችውን መጽሐፍ ፎቶ ኮፒ ቤት አባዝታ፣ በስቴፕለር አያይዛ አመጣችልኝ። ጀግናው ገበሬ ነው። ጅራፉን ሲያጮኸው በረዶ ያዘለው ደመና ይበተናል፣ የአገሩ ጤፍ ይተርፋል። ግን ባጮኸ ቁጥር ከመስማቱ ይጎድልበታል። መጀመሪያ የወፍ ድምፅ ይሄዳል፣ ቀጥሎ የቤተ ክርስቲያን ደወል፣ ቀጥሎ የልጁ ድምፅ። እያወቀ ነው የሚያጮኸው። በመጨረሻው ገጽ ማሳው መካከል ቆሟል፤ ሕዝቡ ከኋላው እልል ይላል፤ እሱ አይሰማም። የጤፉ ዛላ ሲወዛወዝ አይቶ ነፋስ መኖሩን ያውቃል። እዚያ ላይ ያልቃል።

የመጽሐፉ ምንጭ አባቷ ናቸው። አያ ቢያድግልኝ ይባላሉ፤ ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለ ቀበሌ የሚኖሩ ገበሬ። ውባለም ትንሽ ሳለች በማጅራት ገትር ታመው እሳቸው ተረፉ፣ ጆሯቸው ግን አልተረፈም። በዚያው ክረምት በረዶ የጎረቤቱን ማሳ ሲያወድም የእነሱን ስቶት ነበርና፣ ልጅቱ «አባባ በጅራፍ ሲያባርረው ነው የደነቆረው» ብላ ለብዙ ጊዜ ታምን ነበር። አያ ቢያድግልኝ የቄስ ትምህርት ስለቀመሱ ያነባሉ። ቤተሰቡ የሚያናግራቸው በደብተር እየጻፈ ነው። እሳቸው ያነበቡትን ሁሉ ጮክ ብለው ይደግሙታል፤ የራሳቸውን ድምፅ ስለማይሰሙት ቤቱን ይሞላዋል። ያን መጽሐፍ የሣለችው ለእሳቸው ነበር።

አሁን ኤርሚያስን ላስተዋውቃችሁ። የፍኖተ ሰላም ልጅ ነው፤ አዲስ አበባ ገብቶ ፊልም ይሠራል። መጽሐፉን ወስጄ ያሳየሁት እኔ ነኝ። ወደደው፣ ፊልም ላድርገው አለ። ውባለም በእኔ በኩል የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ፊልሙ በዲቪዲ ሲወጣ ንግግሩ ከሥር በአማርኛ ይጻፍ፣ አባባ ያንብበው። ኤርሚያስ እኔ ፊት እሺ አለ። በፍላሽ ዘመን ለምን ዲቪዲ እንዳትሉኝ፤ ኤርሚያስ ገበያውን ያውቃል። አገር አቋራጭ አውቶቡሶቹ አሁንም ዲስክ ነው የሚያጫውቱት፤ ገጠር ያለው ማጫወቻም ያው ነው።

ፊልሙ አዲስ አበባ ተመረቀ። ውባለም ተማሪዎቿን እየፈተነች ስለነበር አልሄደችም፣ እኔም አልሄድኩም። ዲስኩ ሊወጣ ሲል ኤርሚያስ ፍኖተ ሰላም መጣ፣ ፊልሙን በፍላሽ ሰጠኝ፣ በማግስቱ ቁርጥ ቤት ወሰደኝ። ሽፋኑ ላይ ሁለት ሦስት መስመር እንድጽፍለት ፈለገ። ፊልሙን ከፍቼ አሥር ደቂቃ አይቻለሁ። አሥሩ ደቂቃ አያስጠላም፤ የቡሬ ሜዳ ነው፣ ጉም ነው፣ አንድ ሰው ጅራፍ ይዞ ሲሄድ ነው። ከዚያ እንቅልፍ ወሰደኝ። ኤርሚያስ ክትፎውን ወደ እኔ እየገፋ «ጨረስከው አይደል?» ሲለኝ ጨረስኩት አልኩት።

የፈረንጁን ፊልም ስዘልፈው ማንም አይቀየመኝም። ያገር ልጅ ሲሆን ግን ይሉኝታ ይይዘኛል። ሥጋ የጋበዘኝን፣ እናቱን የማውቃቸውን ሰው ሥራህን አላየሁትም ልለው አልቻልኩም። እዚያው ጠረጴዛ ላይ እጄን ጠርጌ ይህን ጻፍኩለት፦ «ለመጽሐፉ የታመነ፣ ከልብ የተሠራ። ከሥር ያለው ጽሑፍ የተሟላ ስለሆነ መስማት ለተሳናቸውም ይሆናል። ቤተሰብ ሁሉ ሊያየው ይገባል።» ከሥሩ ስሜን ከነማዕረጌ አሰፈርኩ።

ዲስኩ በወጣ ሰሞን ውባለም ደወለችልኝ። ካርቶኑን ይዛ ጽሑፌን እያነበበችው ነበር። ድምፅዋ ውስጥ ደስታ ነበረበት፤ ግን ጠንቃቃ ልጅ ናት።

«መምህር፣ አይተውታል?» አለችኝ።

«አይቼዋለሁ።»

«ጽሑፉም ሙሉ ነው?»

«ሙሉ ነው።»

«እንግዲያው እኔ ቀድሜ አላየውም። ከአባባ ጋር ነው የማየው። ሰውም እጠራለሁ፤ እርስዎም ይምጡልን።»

ስልኩን ዘግቼ ፊልሙን ቁጭ ብዬ ማየት እችል ነበር። እሑድ ሊደርስ አራት ቀን ነበረው። የፈተና ወረቀት አርማለሁ፣ ደክሞኛል፣ ነገ አየዋለሁ እያልኩ አለፈ። ደግሞም አሥሩ ደቂቃ ጥሩ ነበርና የቀረው ምን ይሆናል ብዬ ራሴን አታለልኩ።

ጥር ነበር። አዝመራው ገብቷል፣ መንገዱ ደርቋል። በጠዋት ሚኒባስ ተሳፍሬ ቡሬ ወረድኩ፣ ከዚያ ባጃጅ፣ ከዚያ በእግር። አያ ቢያድግልኝ ደጅ ስደርስ ቴሌቪዥኑ ከቡሬ በባጃጅ ተጭኖ፣ እንዳይጋጭ በጋቢ ተጠቅልሎ ቀድሞኝ ገብቷል። መስኮቱን በማዳበሪያ ጆንያ ጋርደውታል። የነፍስ አባታቸው ቄሱ መጥተዋል፣ ጎረቤቱ ከነልጆቹ መጥቷል፣ ጠላው ተጠምቋል። ግድግዳው ላይ የመጽሐፉ የመጨረሻ ገጽ በሚስማር ተሰቅሏል፤ ዳርና ዳሩ ጭስ ነክቶት ቢጫ ሆኗል።

እኔን ከፊት፣ ከአያ ቢያድግልኝ አጠገብ አስቀመጡኝ። አዲስ ጋቢ ለብሰዋል። መነጽራቸውን ደጋግመው በጋቢው ጫፍ ይወለውላሉ። ዛሬ የሚያነቡት ብዙ መሆኑን ያውቃሉ። ልጅ በሞላበት ቤት ለሃያ ዓመት ያህል በደብተር ብቻ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ያን ቀን የራሳቸውን ታሪክ ከሰው ሁሉ እኩል፣ በዚያው ሰዓት ሊከታተሉ ነው። ውባለም ከምሰሶው አጠገብ ቆማ እሳቸውን ብቻ ታያለች።

ፊልሙ ሳይጀመር ቄሱ ጸሎት አደረሱና እኔን ተነሥቼ እንድመሰክር ጠየቁኝ። ሥራውን ያየ የተማረ ሰው ሳይመሰክርለት መጀመሩ አላማራቸውም። ተነሣሁ። መጽሐፉ እንዴት ያለ እንደሆነ፣ ፊልሙም እንዳላሳፈረው ተናገርኩ። ውባለም ንግግሬን አሳጥራ በደብተር ለአባቷ ጻፈችላቸው፤ እሳቸውም እንደ ልማዳቸው ለቤቱ ሁሉ አነበቡት። «መምህር አይቼዋለሁ፣ መልካም ነው አሉ።» ሰው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። እኔ ተቀመጥኩ።

የመጀመሪያው አሥር ደቂቃ ንግግር የለበትም። ሜዳው፣ ጉሙ፣ ጅራፉ። አያ ቢያድግልኝ ጉልበቴን መታ አድርገው ሜዳውን አሳዩኝ፤ የሚያውቁት ቦታ ነው። ጅራፉ ሲጮኽ ሕፃናቱ ዘለሉ፤ እሳቸውም ሕፃናቱን አይተው ሳቁ። ከዚያ አንዲት ሴት ወጥታ መናገር ጀመረች፤ ከሥር ጽሑፍ መጣ። መነጽራቸውን አስተካክለው ወደ ፊት ዘንበል አሉ።

«ሙሽሪት መኪና ውስጥ ናት» ብለው አነበቡ።

የቴሌቪዥኑ ማያ ላይ ሙሽራ የለም። ሴትዮዋ እያለቀሰች ስለ ደመናው ነው የምትናገረው። ቀጣዩ ጽሑፍ መጣ። «ኬኩን ማን ቆረሰው» ብለው አነበቡ። ቀጥለው «ሚዜው ሰክሯል» አሉ። ልጆቹ ሳቁ። አያ ቢያድግልኝ አልሳቁም፤ ሙሽራዋን በማያው ላይ ይፈልጋሉ። የማያውቁት የታሪኩ ክፍል ያለ መስሏቸው ፊታቸውን ኮስተር አድርገው ያነባሉ። በዲስኩ ላይ የሌላ ፊልም ጽሑፍ ነበር የተጫነበት። አንድ የሠርግ ኮሜዲ ንግግር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተለጥፎበታል። ሪሞቱን ይዞ የነበረው ጎረቤት አንዴ ያጠፋዋል አንዴ ያበራዋል፤ ባበራው ቁጥር ሠርጉ ይቀጥላል።

ውባለም ወደ እኔ ዞረች። «ሙሉ ነው» ያልኳትን ሁለታችንም እናስታውሳለን። ከእጇ ደብተሩንና እስክሪብቶውን ተቀበልኩና ጽሑፉን አጥፉት አልኩ፤ እኔ እጽፍላቸዋለሁ። ለአያ ቢያድግልኝም «ዲስኩ ስህተት አለበት፣ የሚሉትን እኔ እጽፋለሁ» ብዬ አሳየኋቸው። አንብበው አመሰገኑኝ። ምስጋናቸው ያን ጊዜም ደስ አላለኝም።

መጻፍ ስጀምር ነው ፊልሙን ያየሁት። እንዴት ብዬ ልንገራችሁ፤ ዛሬም ሳስበው አፌን ይመረኛል። ባለጅራፉ ከሃያ ደቂቃ በኋላ ገበሬነቱን ትቶ አዲስ አበባ ገባ። ከላይ እስከ ታች የተጣበቀ ቀይ ቆዳ ለበሰ። ጅራፉ መብራት ይተፋ ጀመር። በረዶው ቀርቶ ጠላቱ ጥቁር መነጽር ያደረገ ነጋዴ ሆነ። ጀግናው ጅራፉን ያጮኻል፣ ከዚያ የታሸገ መጠጥ ይከፍትና ስሙን ወደ ካሜራ አዙሮ ይጠጣል። ጆሮው ምንም አልሆነም። መስማት አለመቻሉን ከጀግናው ላይ ነቅለው ለአባቱ ሰጥተውታል፤ አባቱን የሚሠራው ደግሞ ኮሜዲያን ነው። ሲጠሩት አይሰማም፣ ሲጠይቁት ሌላ ይመልሳል፣ በር ይመታዋል፣ ሱሪው ይወልቃል። ኤርሚያስ ይህን ያደረገው እኔ ፊት «አባቷ እንዲያነቡት» የሚለውን ልመና ሰምቶ እሺ ካለ በኋላ ነው።

እኔ ግን ይህን አልጻፍኩም። መጽሐፉን በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ከመጽሐፉ እየቀዳሁ ጻፍኩላቸው። ኮሜዲያኑ ሲወላገድ እኔ «የወፎቹ ድምፅ ጠፋብኝ» ብዬ ጻፍኩ። እሳቸው ለቤቱ አነበቡት። ነጋዴው ሲስቅ «ደወሉ ተደወለ ወይስ አልተደወለም?» ብዬ ጻፍኩ። አነበቡት። በልቤ ሽማግሌውን እያዳንኳቸው ነበር፤ እንዲያውም ጥሩ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ግን ፊልሙን ይሰማል። ኮሜዲያኑ በወጣ ቁጥር ሳቅ ነው። በገበሬዎቹ አልፈርድም፤ ሰው ሲወድቅ ማን አይስቅም። አያ ቢያድግልኝ ግን ሳቅን የሚሰሙት በዓይናቸው ነው። ወደ ኋላ ዞሩ፣ የጎረቤቶቻቸውን ጥርስ አዩ፣ ከዚያ ደብተሬን አዩ።

«መምህር» አሉኝ፤ ለእሳቸው ሹክሹክታ ነበር፣ ቤቱ ሁሉ ግን ሰማው። «ሰው ይስቃል። አንቱ የጻፉት ግን የሚያስቅ አይዶለም።»

«ትንሽ ቀልድ አለበት» ብዬ ጻፍኩ። አነበቡት።

«ቀልዱን ይጻፉልኝ። እኔም እንድስቅ።»

ውባለምን አየኋት። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ራሷን በአሉታ ትነቀንቃለች። ማያው ላይ ነጋዴው ስለ ኮሜዲያኑ ለሎሌው ይናገር ነበር። በእጄ ብዙ ጊዜ ዋሽቻለሁ፤ ያን ጊዜ ግን ሰውዬው አጠገቤ ሆነው በመነጽራቸው ሥር እየጠበቁኝ እጄ ሌላ ነገር ሊጽፍልኝ አልቻለም። የተባለውን ጻፍኩ። አያ ቢያድግልኝ ደብተሩን ወደ ብርሃኑ አዞሩና እንደ ሌላው ሁሉ፣ በዚያው ድምፅ፣ አነበቡት።

«ተወው ይሄን ደንቆሮ፤ ደንቆሮ ዱላ እንጂ ቃል አይገባውም።»

ሳቁ ቆመ። ቴሌቪዥኑ ብቻ ይለፈልፋል። ቄሱ መስቀላቸውን ጭብጥ አድርገው መሬት መሬት ያያሉ።

«ይኸ የሚሰደበው ማነው?» አሉኝ።

«የባለጅራፉ አባት» ብዬ ጻፍኩ።

«ባለጅራፉስ?»

«እሱ ይሰማል።»

«ጅራፉን አጩኾም?»

«አጩኾም።»

«እንዲያ ተሆነማ ጅራፍ ማጮኽ ለማንም አይከብድም» አሉ። እኔ በቻናሌ ላይ ዓመታት ሙሉ ስለ ሱፐርሂሮ ፊልም የጻፍኩት ሁሉ ተሰብስቦ እዚህች አንዲት ቃል ውስጥ ገባ። በዚያ ላይ እሳቸው የተናገሩት እያዩት ነው።

ካርቶኑ ጭናቸው ላይ ነበር። ከጠዋት ጀምሮ ሲያገላብጡት ነበር፤ አሁን ጀርባውን አዞሩና ጽሑፌን አነበቡት። ለመጽሐፉ የታመነ። ከልብ የተሠራ። መስማት ለተሳናቸውም ይሆናል። ስሜን ሲያነቡ ቀስ አሉ።

«ይኸ ስም ያንቱ ነው?»

አዎ ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ።

«አይተውት ነው የጻፉት?»

«አዎ» ብዬ ብጽፍ ነገሩ እዚያ ያበቃል። ማንም ሊያጣራው አይችልም፤ ጣዕሙ የተበላሸ ሰው ይሉኝ ይሆናል እንጂ ውሸታም አይሉኝም። ቅድም ቆሜ የመሰከርኩት ምስክርነት ግን እዚያው ቤት ውስጥ ነበር፣ በእሳቸው ድምፅ የተነበበው። አንዲት ቃል ጻፍኩ። ደብተሩን ተቀበሉኝ።

«አላየሁትም» ብለው አነበቡ።

ቤቱ ሁሉ ሰማ። ውባለም በሩን ከፍታ ወጣች። የከሰዓቱ ብርሃን ገብቶ ማያው ነጣ፣ ከዚያ በሩ ተመልሶ ተዘጋ። አያ ቢያድግልኝ ከጠዋት ጀምሮ አንቱ ሲሉኝ ውለዋል፤ ያን ጊዜ አንቱታው ቀረ።

«እኔ ጆሮ ነው ያጣሁት» አሉኝ። «አንተ ግን ዓይን ነበረህ።»

ተነሣሁ። ለመውጣት ነበር። ኮቴን ይዘው አስቀመጡኝ። «አላለቀም» አሉ። «እስተ መጨረሻው ጻፍልኝ። የሚሉትን ሁሉ።»

ጻፍኩ። ከአንድ ሰዓት በላይ የቀረ ፊልም ነበር። ኮሜዲያኑ የተሰደበውን ስድብ፣ ነጋዴው የቀለደውን ቀልድ፣ የመጠጡን ማስታወቂያ ሳይቀር ጻፍኩ፤ እሳቸው አንድ በአንድ አነበቡት። ቤቱ ፊልሙን ሁለት ጊዜ ሰማው፣ አንዴ ከተዋናዮቹ አፍ፣ አንዴ ከእሳቸው። በሁለተኛው ጊዜ የሳቀ የለም። እያንዳንዷ ብልግና በጥሩ የእጅ ጽሑፌ ስትጻፍ፣ ከዚያ የሚሰደበው ሰው ራሱ ሲያነባት መቀመጥ ምን እንደሆነ ልገልጽላችሁ አልችልም። ሥጋው፣ ቁርጥ ቤቱ፣ የጠረግሁት እጄ ሁሉ ታወሰኝ። በመጨረሻው ትዕይንት ነጎድጓድ ጮኸና የኮሜዲያኑ ጆሮ ተከፈተ፤ ተዋናዮቹ ሁሉ አጨበጨቡ። ይህን ስጽፍላቸው አያ ቢያድግልኝ ሳቁ። ከቤቱ ውስጥ የሳቁት እሳቸው ብቻ ነበሩ።

ያባርሩኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። እንግዳ ነኝና ገበታ ቀረበልኝ። ቄሱ ባረኩት፤ አያ ቢያድግልኝ በእጃቸው ጠቅልለው አጎረሱኝ። ስድብ ቢሆን እቀበለው ነበር። ያቺን ጉርሻ ሳላላምጥ ዋጥኳት፤ እስከ ዛሬ የወረደች አይመስለኝም።

ውባለም እስከ መንገዱ ሸኘችኝ፤ እንግዳ ብቻውን አይሄድምና። ባጃጁ ሲመጣ፣ ሳታየኝ፣ «ኤርሚያስን አልቀየመውም» አለችኝ። «እሱን አላውቀውም።»

በማግስቱ ለኤርሚያስ ደወልኩ። ጽሑፉ ዲስኩ ሲባዛ ተቀያይሮ እንደሆነ ነገረኝ፤ ያውቅ ነበር። «ማን ያነበዋል ብለህ ነው?» አለኝ። ስሜን ከሽፋኑ እንዲያነሣ ጠየቅኩት፤ ታትሞ ተበትኗል አለ። ነገሩን ሁሉ በቻናሌ ላይ ጻፍኩት። ከዚያ የመጣው ምስጋና ከፊልሙ የባሰ አስጠላኝ፦ «መምህር፣ እንዴት ያሉ ሐቀኛ ነዎት!» አንድ ሽማግሌ እጄን ይዘው ያጻፉኝን ቃል ነው አንባቢዎቼ ሐቀኝነት ብለው የሰጡኝ። ቻናሉን አልዘጋሁትም፤ ግን አሁን አንድ ፊልም ለመዳኘት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አየዋለሁ፣ ዲስክ ከሆነም ጽሑፉን ከፍቼ ድምፁን አጥፍቼ ደግሜ አየዋለሁ። ስለዚህ በወር አንድ ብጽፍ ነው። ሻይ ቤት ወንበር የሚለቅልኝም ቀንሷል።

ባለፈው ዓመት ወደ አዲስ አበባ ስሄድ አውቶቡሱ ደምበጫ ላይ ቆሞ ሰው ሲጭን ረዳቱ አንድ ዲስክ ከተተ። ጉሙ መጣ፣ ሜዳው መጣ፣ ጅራፉ መጣ። ኮሜዲያኑ ሲወጣ አውቶቡሱ ሙሉ ሳቀ። ካርቶኑ ሾፌሩ መስታወት ሥር ጀርባው ወደ እኛ ዞሮ ተጋድሟል፤ ስሜ ከመቀመጫዬ ይነበባል። ተነሥቼ አጥፋው ልለው ፈለግሁ፤ ምን ብዬ? እኔ ነኝ ሊያየው ይገባል ያልኩት።

እናንተ የምታነቡኝ፣ ካርቶን ላይ «ድንቅ ነው» የሚል ስም ስታዩ ያን ሰው ቁርጥ ቤት ውስጥ አስቡት። እናንተም ደግሞ የወንድማችሁን መጽሐፍ፣ የጓደኛችሁን ዘፈን «ሰማሁት፣ አነበብኩት» ስትሉ፣ ከዚያች ቃል ሥር ማን ተቀምጦ እንደሚጠብቅ አታውቁም። እኔ አላወቅሁም ነበር።

በቅርቡ ውባለም መጽሐፉን በደንብ አሳትማ አወጣችው። አልላከችልኝም፤ ከቡሬ ገዛሁት። ጀርባውን አዞርኩ፤ ፊልሙ ሳይሠራ በፊት «ያ ቦታ ለእርስዎ ነው» ብላኝ ነበር። ምንም ውዳሴ የለበትም። ባዶው መካከል፣ በእስክሪብቶ ተጽፎ እንዳለ የታተመ፣ የቄስ ትምህርት ቤት እጅ የሚያስታውቅበት አንድ ቃል አለ፤ ከሥሩ የአያ ቢያድግልኝ ስም።

«አይቼዋለሁ» ይላል።